ለምጥ የተነፋ ጥሩምባ

እትዬ በላይነሽ የተቀበሩ ዕለት የዕድሩ ቃሬዛ መጋዘኑ ውስጥ አልነበረም። ሳጥናቸው ተዘግቶ፣ ካህናቱ ተሰብስበው፣ ለቀስተኛው የሐምሌ ጭቃ ላይ ቆሞ እያለ የሚሸከማቸው ነገር ጠፋ። ከኮልፌ የመጡ አንድ ዘመዳቸው «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ዕድር ነው? ሬሳ በር ላይ አስቀምጦ ቃሬዛ ፍለጋ ይኬዳል?» እያሉ ሲቆጡ ሰማኋቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቃሬዛው የት እንደሄደ ያውቅ ነበር።

ወደዚያ እመለሳለሁ። በፊት ግን የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የተዋሸውን ላንሳ፤ ካላነሳሁት ያንቀኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወረቀቱን ይዞ የቆመው ሰውዬ «ታዛዥ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪና የዕድራችን ታታሪ አባል የነበሩት» ብሎ ጀመረ። ታዛዥ አልነበሩም። ትሑትም አልነበሩም። ሰው ያከብራሉ፣ ግን ሰውየው ከተቀመጠበት ተነስቶ የሚሠራ ከሆነ ነው። የዕድር አባልማ ጭራሽ አልነበሩም፤ ዕድሩ በድምፅ ብልጫ አባሯቸዋል፣ እሳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅርታ አልጠየቁም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የሚባለው ለወቀሳ ነው። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሱቄ ቀጨኔ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣው ቅያስ ከአስፋልቱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ነው። ቅያሱ እስከ ግማሹ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ ከዚያ በላይ ደረጃ ነው፤ ከደረጃው በላይ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰውና ፍየል እኩል የሚያንሸራትት ጭቃ። መኪና የሚባል ነገር ከእኔ ሱቅ በላይ አይወጣም። መንገዱ ሊሠራ ነው ሲባል እኔ ራሴ ሽማግሌ ልሆን ነው። ስለዚህ ከላይ የሚወርደው ሁሉ በእኔ ፊት ያልፋል፤ ሙሽራውም፣ ሰካራሙም፣ ሬሳውም።

እትዬ በላይነሽ ቤታቸው ከደረጃው በላይ ነው። የልምድ አዋላጅ ነበሩ። እኔም በእሳቸው እጅ ነው የተወለድኩት፤ ሲናደዱብኝ «ያኔውኑ ወደመጣህበት ብመልስህ ይሻለኝ ነበር» ይሉኝ ነበር። አጭር ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ከቁመታቸው ጋር አልተማከረም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ ካደረጉ የሆነ ሰው ሊሰደብ ነው ማለት ነው። እርጉዝ ሴት መንገድ ላይ ሲያገኙ ደግሞ ፊቷን ከማየታቸው በፊት ቁርጭምጭሚቷን ያያሉ። «እግርሽ አብጧል፤ ዛሬውኑ ሄደሽ ታዪ» ይላሉ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

በሰፈሩ እጃቸው ያልተቀበለው ልጅ አልነበረም። ከዚያ ግን በቃኝ አሉ። በቃኝ ያሉት በልጃቸው በአልማዝ ነው።

አልማዝ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ወለደች። ምጡ ቀላል ነበር፤ ልጁም ደህና ወጣ። እልልታው ቀለጠ፣ ለማርያም ገንፎ ውኃ ተጣደ። ከዚያ ደሟ አልቆም አለ። እትዬ በላይነሽ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። የሚያውቁት ሲያልቅ ደጅ ወጥተው «ተሸከሙልኝ» እያሉ ጮኹ። የሥራ ቀን ነው፤ ወንዱ ብዙም የለም። የነበሩትም «በምን እንሸከማት? በአንሶላ ይሁን? በወንበር?» እያሉ ሲመካከሩ፣ አንዱ ታክሲ ሊለምን ሲወርድ፣ ሌላው ጸበል ሊያመጣ ሲሄድ፣ አልማዝ አለፈች። ሕፃኑ ተርፎ ከአባቱ ወገን ጋር አደገ።

ከዚያ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ለማያውቅ ልንገር፤ በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት አሁንም ጥሩምባ ይነፋል። ስልክ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ቢኖርም ጥሩምባው ካልተነፋ ሟቹ የሞተ አይመስለንም። ጥሩምባው ሲነፋ ደግሞ ሰው ቤቱ አይቀርም። እትዬ በላይነሽ ስለ አልማዝ ሲያወሩ ስለ ደሙ አያወሩም ነበር። የሚያወሩት ስለ ጥሩምባው ነው።

«ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» ይላሉ። «ያን ሁሉ ትከሻ የት ደብቃችሁት ነው የቆያችሁት? ለልጄ አንድ ተሸካሚ ያጣሁት ሴትዮ፣ ለሬሳዋ ጊዜ ግቢዬ መቆሚያ አጣ።»

ይኼን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ጭምር ይሉታል። ሰው ያፍራል፣ ያቀረቅራል፣ ንፍሮውን ይቆረጥማል። እሳቸው ግን አይለቁም።

ከአልማዝ በኋላ አዋልጂን ብሎ የመጣ ሁሉ አንድ መልስ ነው ያገኘው። «እጄ ልጅ መቀበል ያውቃል። ደም ማቆም አያውቅም። የሚያውቁት ታች ናቸው።» ታች የሚሉት ሆስፒታሉን ነው። አንዳንዶች «እጇን ነፈገችን» ብለው አሟቸው። ሌሎች በፍርሃት ተሟገቷቸው። ሆስፒታል ከሄድኩ ሆዴን ይቀዱኛል የምትል አለች። ተማሪ ሁሉ ከቦ ያየኛል ብላ የምታፍር አለች። ለዚህችኛዋ የመለሱላትን አልረሳውም። «ተማሪ ቢያይሽ ምን ትሆኛለሽ? ይማርብሽ። ገናዥ ከሚያይሽ ተማሪ ይይሽ።»

ያረገዘች ሴት አንድ እግሯ መቃብር ውስጥ ነው ሲባል ከሰሙ ደግሞ ያብዳሉ። «ታዲያ ያን እግሯን ስቦ የሚያወጣ ሰው ጠፋ?»

በዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው። ወሯ የገባ ሴት ሲያገኙ ይገትሯትና «ትከሻሽ ማነው?» ይሏታል። ምጥሽ ሲመጣ ተሸክሞ አስፋልት የሚያደርስሽ ማነው ማለታቸው ነው። ባሌ ካለች «ባልሽ ሾፌር ነው፤ ያን ቀን ናዝሬት ቢሆንስ?» ይላሉ። ወንድሜ ካለች ወንድሟን ፈልገው እጁን ይዘው ያስምሉታል። እኔን ለስንቷ እንዳስማሉኝ እኔም አላውቅ።

አሁን ወደ ሰሚራ ልምጣ።

ሰሚራ የከድር ሚስት ናት። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ ከደረጃው ግርጌ ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳቦና የሞባይል ካርድ የሚሸጥባት ሱቅ አለችው፤ መኖሪያው ግን ላይ፣ ከእትዬ በላይነሽ ቤት አጠገብ ነው። ሰሚራ ያማጠች ቀን ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ማለዳ ጀምሮ አላባራም። ምጧ የያዛት ግን ከዚያ ቀድሞ ነው። አማቷ «እኔ ሁሉንም የወለድኩት ቤቴ ነው፤ ምን አጣደፈሽ» እያሉ አቆይተዋት ነበር። ነገሩ ሲከፋ ነው እትዬ በላይነሽን የጠሩት፤ አዋልጂልን ብለው።

እትዬ በላይነሽ ገቡ፣ ሆዷን ዳሰሱ፣ ወዲያው ወጡ።

«ልጁ ተጋድሟል» አሉ። «ይቺ ልጅ እዚህ ቤት አትወልድም። አምቡላንስ ጥሩ።»

አምቡላንሱ በእውነቱ ቶሎ መጣ። መጥቶ ግን የት ይደርሳል? እኔ ሱቅ ፊት ቆመ። ሾፌሩ ሽቅብ አየና «ወንድሜ፣ በዚህ አልወጣም። ሩጥና አውርዷት በላቸው» አለኝ። ጎማ የምፈለቅቅበትን ብረት በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ። ስደርስ ከድርና ወንድሙ ሰሚራን ደግፈው ለማስኬድ ሞክረው፣ እሷም ደጃፉ ላይ ራሷን ስታ፣ መልሰው አስገብተዋታል። በጀርባ አይሆንም፤ ጭቃው ሰው ብቻውን እንኳ አያስወርድም።

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ሸብ አድርገው የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ተሰማ በር ላይ ቆመዋል። ጋሽ ተሰማ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ደንብ ይወዳሉ። የዕድሩ መጋዘን እዚያው ግቢያቸው አጥር ሥር ነው፤ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ቃሬዛውም እዚያ ነው የሚቀመጠው።

«ተሰማ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ አምጣ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ቃሬዛውን ለሰሚራ ፈልጌው ነው።»

ጋሽ ተሰማ አማተቡ። «በላይነሽ፣ ደህና ነሽ? ሬሳ በሚተኛበት ላይ እርጉዝ ልታስተኚ ነው? ሟርት ነው። ደግሞ ከድር የዕድራችን አባል አይደለም። ደንብ አለን።»

«ደንባችሁ ሬሳ እስክትሆን ጠብቋት ነው የሚለው?»

«እንደዚያ አልወጣኝም። እሑድ ኮሚቴው ይሰብሰብና...»

«የሞተ ነው የማይቸኩለው፣ ተሰማ። የምታምጥ ትቸኩላለች» አሉና ጀርባቸውን ሰጧቸው።

የት ሊሄዱ ነው ብዬ ስከተላቸው ሁለት ቤት አልፈው ጥሩምባ ነፊው አያሌው ቤት ገቡ። አያሌው ሥራ ላይ ነበር። ሚስቱ ምን እንደሚፈልጉ ሳይገባት ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አውርደው ደጅ ወጡ፣ ነፉትም። ነፉት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የታመመ በሬ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ሰዉ ወጣ። ነጠላ እየተከናነበ፣ ጋቢ እየደረበ፣ ከየቤቱ፣ ከየጠላ ቤቱ ወጣ። ሴቶቹ ማን እንደሞተ ሳያውቁ «ወይኔ፣ ወይኔ» ማለት ጀምረዋል። «ማን ነው? ማን ሞተ?» ይባባላል።

እትዬ በላይነሽ ጥሩምባውን እንደ ዱላ ጨብጠው ከፍ ያለው ድንጋይ ላይ ቆሙ።

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አሉ። «ስትሞት እንደምትመጡማ አውቃለሁ። ዛሬ ሳትሞት ስለምፈልጋችሁ ነው። ኑ፣ ሰሚራን ተሸከሙ።»

አንዱ «በጥሩምባ ይቀለዳል እንዴ?» አለ። ሌላው «በምን እንሸከማት?» አለ። እትዬ በላይነሽ ይኼንን «በምን» የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። የአልማዝ ጊዜም የተጠየቀው እሱ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ጎሚስታ፣ ያ ብረት ለጎማ ብቻ ነው የሚሠራው?»

ለሌላም ይሠራል። የመጋዘኑ ቁልፍ ያረጀ ነበር፤ ብዙ አልተከራከረኝም። ጋሽ ተሰማ ከኋላዬ «ትጠየቅበታለህ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሳቅኩ መሰለኝ።

ቃሬዛውን ስናስገባ ሰሚራ ነቅታ ነበር። ዓይኗ ፈጠጠ። «እማማ፣ ይኼ የሬሳ አይደለም እንዴ?»

«የሬሳ ነበር» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ብርድ ልብሱን እያነጠፉበት። «ከዛሬ ጀምሮ የሰው ነው። ውጪ።»

አማቷ «ያ አላህ» ይላሉ፣ ጎረቤቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እትዬ በላይነሽ «አላህም ይስማት፣ ማርያምም ትድረስላት፤ እናንተ ግን መንገድ ልቀቁ» እያሉ ከፊት ከፊት ወረዱ።

እኛ አራት ሆነን ተሸከምን። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ለሌላ ሰፈር ሰው ስነግር አያምነኝም። ከደረጃው ግርጌ አንድ የቦኖ ውኃ አለ። ሬሳ ተሸክመን ስንወርድ የመጀመሪያው ማረፊያ እዚያ ነው፤ ቃሬዛው ይቀመጣል፣ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ለቀስተኛው ያለቅሳል፣ ከዚያ ይነሳል። እኔ ከጎረመስኩ ጀምሮ ያ ቃሬዛ ቦኖው አጠገብ ሳያርፍ አልፎ አያውቅም። ያን ቀንም ማንም ሳያዘን እግራችን ቆመ። ሰሚራን ቀስ አድርገን መሬት አስቀመጥን። ባርኔጣችንን አወለቅን። አንገታችንን ደፍተን ቆምን። የተከተሉን ሴቶችም ደረታቸውን መድቃት ጀመሩ፣ ሰሚራ ከታች እያቃሰተች።

ቀድመው የወረዱት እትዬ በላይነሽ ዞረው አዩን።

«ምን ትሠራላችሁ?» አሉ። «ቄስ ነው የምትጠብቁት? አንሱ እንጂ፣ እናንተ ሬሳዎች።»

ያኔ ነው የነቃነው። ሰሚራ በዚያ ምጧ መሃል የሳቀች ይመስለኛል፤ ከድር ግን አልሳቀችም ብሎ ይከራከረኛል። ቃሬዛውን አንስተን ሮጥን። ሰው ቃሬዛ ሲያይ ግራና ቀኝ እየቆመ ያማትባል፤ እትዬ በላይነሽ ደግሞ «አታማትቡ፣ መንገድ ልቀቁ፤ የሚመጣ ሰው ነው እንጂ የሚሄድ አይደለም» ይላሉ። አስፋልቱ ላይ ደረስን። አምቡላንሱ ውስጥ ከሰሚራ ጋር እሳቸውም ከነጭቃቸው ገቡ፤ ማን ይከለክላቸዋል።

ሰሚራ ሆስፒታል እንደገባች በኦፕራሲዮን ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ስሟን ነጃት አሏት። ሐኪሟ ለከድር ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እናትም ልጅም አይተርፉም ነበር አለችው። እትዬ በላይነሽ ይኼን ሲሰሙ «እባክሽ ከእኔ ጋር ውጪና ለተሰማ ንገሪልኝ» ብለው ሐኪሟን እጇን ይዘው ነበር ይባላል።

ሳይነገራቸውም ጋሽ ተሰማ እሑድ ስብሰባ ጠሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጥሩምባ ያለ ሞት ተነፍቷል፣ ቁልፍ ተሰብሯል፣ የሙታን ዕቃ ለሌላ ነገር ውሏል፣ ያውም አባል ላልሆነ ሰው። ስለ ነጃት መወለድ ያነሳ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ተነስተው «እዚያ ላይ ተኝቶ የተነሳ የለም፤ በሴት ልጅ ላይ ሟርት ተሟረተ» አሉ።

እትዬ በላይነሽ ተነሱ። ቃሬዛው ለማስረጃ ተብሎ መሃል ላይ ተቀምጦ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ወጡበት፣ ተጋደሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእውነት ሬሳ መሰሉን፤ አንዳንዱ ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ ብድግ አሉ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ ጫማቸውን አደረጉ።

«ይኸው ተነሳሁ» አሉ። «ሰሚራም ተነስታለች። ሌላ ጥያቄ አለ?»

ሌላው ጥያቄ ይባረሩ ወይስ አይባረሩ የሚለው ነበር። እጅ ወጣ፤ ተባረሩ። ዕድር የሌለው ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ተሸካሚ የለውም። ጋሽ ተሰማም ክፉ ሰው አይደሉም፣ አዝነው ነው የጠየቁት። «በላይነሽ፣ ባልሽ የለ፣ ልጅሽ የለች። ነገ ስትሞቺ ማን ይቀብርሻል?»

«ሬሳዬን እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አሉ። «እሱ አያመውም። የሚያማትን ግን አስቀምጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ እኔ አለሁ፤ ጥሩምባው የት እንደሚሰቀልም አውቃለሁ።»

እኔ ላይ የተፈረደው የሰበርኩትን ቁልፍ እንድተካ ነበር። ተካሁ። ደህና፣ ጠንካራ ቁልፍ ገዛሁ። እንዲህ ያለ ቁልፍ ከአንድ በላይ መክፈቻ ይዞ እንደሚመጣ ጋሽ ተሰማ አላሰቡም፤ ወይም አስበው ዝም ብለዋል። አንዱን ለእሳቸው ሰጠሁ። ሌላውን እትዬ በላይነሽ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አሰሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ማሰሪያ ቆርጬ ቃሬዛው ላይ ገጠምኩ፤ ጎማ ስለሆነ አጥብቆ ይይዛል እንጂ ሆድ አይቆርጥም። እትዬ በላይነሽ ቃሬዛውን በኦሞ ያጥቡና መንገድ ዳር፣ ሁሉም በሚያይበት ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ምጥ ሲመጣ ቃሬዛው ይወርዳል፣ አምቡላንሱ ሱቄ ፊት ይቆማል፣ እሳቸው ዜና እስኪመጣ ጎማዬ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሥራ አያሠሩኝም፤ ደንበኛዬን ሁሉ ሚስትህ አርግዛለች ወይ ይሉታል።

ሁሉም አልዳነም። አንዲት ልጅ እርግዝናዋን ለሰው ሳትናገር ቆይታ፣ አስፋልቱ ላይ ስናደርሳት ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር። እትዬ በላይነሽ ያን ቀን ጎማው ላይ እንደተቀመጡ ዋሉ። ሱቄን ስዘጋ ተነሱና «አፍ አውጥታ እንድትነግረኝ ያላደረግኳት እኔ ነኝ» አሉ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ ማንኳኳት ጀመሩ። የሚያስጠላ አንኳኳ ነበራቸው።

ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሽማግሌ ይላክባቸዋል። ጥፋት ነው በይና ግቢ፣ ዕድሩም ይቅር ይልሻል ይሏቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው። «ጥፋት ነው ካልኩ ነጃት ጥፋት ናት ማለት ነው። እሷን ጥሩና ንገሯት።» ነጃት አሁን ዩኒፎርም ለብሳ በሱቄ ፊት ት/ቤት ትሄዳለች። እንግዲህ የሚነግራት ይንገራት።

ያለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል እንውሰዳቸው ብለን ቃሬዛውን ይዘን ሄድን። አልተኛበትም አሉ። «ላይ ያለችው ሐና ወሯ ገብቷል። ቃሬዛውን ከእሷ በር እንዳታርቁት» ብለው በእኔ ትከሻና በከድር ትከሻ ተንጠልጥለው ያን ሁሉ ደረጃ በእግራቸው ወረዱ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ቤታቸው ተመልሰው፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ማለዳ አረፉ።

ጥሩምባ ለአባል ነው። አያሌው ግን ማንንም አልጠየቀም፤ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ነፋው። ጋሽ ተሰማ በከዘራቸው እየተደገፉ ሲመጡ ሳይ፣ እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። አጠገቡ ደርሰው «ምን ትለማመጠዋለህ፣ ደህና አድርገህ ንፋው» አሉት። «እሷ ስትነፋው ሰው ይሰማ ነበር።»

ድንኳኑ ተተከለ። ሳጥኑ ተዘጋ። ቃሬዛው እንዲመጣ ሲባል ነው መጋዘኑ ባዶ የሆነው። የሐና ምጥ ጥቂት ቀደም ብሎ መጥቶ ኖሮ ጎረቤቶቿ ከበሯ አንስተው ወርደዋል። የኮልፌው ዘመድ የተቆጡት ያኔ ነው። «በእጃችን እንሸከማት፤ ሳጥን አይደል» አሉና ሳጥኑን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ሳጥኑ ላይ አኖሩ። «አስቀምጡ። ትጠብቃለች።»

ቄሱ ሰማዩን አይተው «ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ሰዓቱም ሄደ» አሉ።

«አባ፣ የሞተ አይቸኩልም። ይኼን በሬ ላይ ቆማ የነገረችኝ ራሷ ናት» አሉ ጋሽ ተሰማ። ጠበቅን። ዝናቡም መጣ፤ ቆመን ተመታን እንጂ ማንም አልተነቃነቀም። ኋላ ቃሬዛው ደረጃውን ሲወጣ ታየ። የተሸከሙት ልጆች እያለከለኩ «ደርሳለች፣ ሐኪም ተቀብሏታል» ሲሉ የሰሚራ ለቅሶ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

ሳጥኑን በዚያው በካላማዳሪያው ማሰሪያ አሰርኩት። አነሳናቸው። ይኼንን ሳናስብ ነው ያደረግነው፤ ለማንም እምላለሁ። ከደረጃው ግርጌ ካህናቱ ለፍትሐት ቦኖው አጠገብ ሊቆሙ ሲዘጋጁ እኛ አልፈናቸው ሮጥን። ያ ቃሬዛ ትከሻችን ላይ ከወጣ እግራችን የሚያውቀው መሮጥ ብቻ ሆኗል። ከኋላችን ቄሱ «ኧረ ቁሙ፣ ፍትሐት አለ፣ ወዴት ነው የምትወስዷት?» እያሉ ይጣራሉ። ለቀስተኛው ነጠላውን ሰብስቦ ይሮጣል። አስፋልቱ ላይ ደርሰን፣ አምቡላንሱ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ ስናሳርፋቸው ነው እርስ በርስ የተያየነው።

ካህናቱ ደረሱ። ቄሱ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው፣ እኛን ሲያዩን ተዉት። እዚያው፣ ከጎማዎቼ መሃል ቆመው ጸለዩላቸው።

ቀብሩ አልቆ ሰዉ እጁን ሲታጠብ ጋሽ ተሰማ ወደ እኔ መጡ። ከእትዬ በላይነሽ አንገት የተፈታውን መክፈቻ ይዘውታል። መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ከሐና ቀጥሎ ወሯ የገባ ማን አለ?» አሉኝ።

«የአያሌው ልጅ።»

«ትከሻዋ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸውና ቃሬዛውን ይዘን ወደ እሷ በር ወጣን።